ፈበረከው

አስተርጓሚዋ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ነው ክው ያለችው። በችሎት ስታስተረጉም ስንት ዓመቷ፤ ምላሷ እንዲህ ቀድሟት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጅምር ፎቅ ላይ የዕቃ ማንሻው ተበጥሶ ወድቆ ሁለት ግንበኞች ሞተዋል። የተከሰሰው ማንሻውን የሠራው በያጅ ነው። እሱ ደግሞ መጠባበቂያ ፍሬን ሠርቼ ገጥሜለት ነበር፣ ሥራ ያጓትታል ብሎ ያስነቀለው ተቋራጩ ነው ባይ ነው። ፍሬኑ የታለ ሲባል የለም። ከበያጁና ከተቋራጩ ሌላ ያየው ሰው ቢኖር አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው፤ እሱም የተቋራጩ ተቀጣሪ። እንግዲህ የዚህ ምስኪን ዕድሜ በሰውዬው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዳኛው ስለ ፍሬኑ የሚያውቀውን ጠየቁት። መሐንዲሱ ምን አስጨነቃችሁ በሚል ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ራሱ ነው ፋብሪኬት ያደረገው አለ። እሷ በዚህ ችሎት ያን ቃል የምታውቀው ከሐሰት ማስረጃ ጋር ነው። "ራሱ የፈጠረው ወሬ ነው ይላል" ብላ ቁጭ!

የበያጁ እናት ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ያኔ የመሐንዲሱ እጅ ትዝ አላት። ሲናገር ቀኝ እጁን ዘንበል አድርጎ ቀስ እያለ ይስብ ነበር፣ ልክ ብረት እንደሚበይድ። ስለ ውሸት የሚያወራ ሰው እጁን እንዲህ ምን አስደረገው? ተሳሳትኩ ብትል ፈቃዷን ሊነጥቋት ይችላሉ፤ ባለፈው አንዱን ባልደረባዋን በዚሁ አባረውታል። ዝም ብትል ደግሞ ሰው በቁሙ ልትቀብር ነው። ፈራች፣ በጣም ፈራች። እንዲያም ሆኖ እጇን አወጣች።

"ክቡር ዳኛ፣ ቃሉ መንታ ነው" አለች። "ሥሩ የጥንት ላቲን ነው፤ የእጅ ባለሙያ የሚሠራበት ቤት ማለት ነው። እኛም ፋብሪካ የምንለው ከዚያው የመጣ ነው። መጀመሪያ በእጅ መሥራት ብቻ ነበር፤ ውሸቱ ኋላ ነው የተለጠፈበት። እኛስ ብንሆን ዕቃም ፈበረከ፣ ወሬም ፈበረከ እንል የለ? ምስክሩ 'ሠራው' ያለ ይመስለኛል።"

ዳኛው ዛሬ የቋንቋ ትምህርት መጣብን ብለው ሰዉን ካሳቁ በኋላ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

"የሚመስልዎትን አልጠየቅንም። የትኛው እንደሆነ ራሱ ይናገር።"

በያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። እናትየው፣ የኔ እናት ክፉ አይንካሽ እያሉ ከኋላ ይመርቋታል። እሷም ለመሐንዲሱ በእንግሊዝኛ ነጣጥላ አስረዳችው፤ አንደኛው ከብረት በእጁ ሠራው፣ ሁለተኛው የሌለ ነገር ዋሸ። ሰውዬው በጥያቄው ተገርሞ ሳቅ አለ፤ ሊመልስም አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ፊተኛው ወንበር ሄደ። ተቋራጩ እዚያ ተቀምጧል። እግሩን አነባብሮ ያየዋል፣ በቃ።

የመሐንዲሱ አፍ ተመልሶ ተዘጋ።

ወይ ጉዴ! ይህ ሰው እስካሁን የሚያውቀው መልስ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን በር ከፍታ "ግባ" ያለችው እሷ ናት። ምናለ ተሳስቻለሁ፣ "ሠራው" ነው ያለው ብላ ብታበቃ ኖሮ!

መሐንዲሱ መሬት መሬት እያየ አንዲት ቃል አጉረመረመ።

"ምን አለ?" አሉ ዳኛው።

የተናገረችበት ድምፅ የራሷ አልመሰላትም።

"ሁለተኛው ነው ይላል።"

እናትየው ፈገግታቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም። አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጎንበስ ብለው፣ "ሁለተኛው የቱ ነበር፣ ልጄ?" አሏት።