የሜቲ እግር

ኤቢሴ ባሏ ለሌላ ሴት እግር ሊሠራ መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ወለንጪቲ መንገድ ላይ ሚኒባስ ተገልብጦ ግራ እግሯን ከጉልበት በታች ስታጣ፣ ከፋይበርግላስና ከሙጫ ሰው ሠራሽ እግር የሠራላት እሱ ነው። ባሏ ጀቤሳ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መሐንዲስ ነው፤ እሷ ደግሞ አዳማ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። እግሩ ይከብዳል፤ ከሰሌዳው ወደ ተማሪዎቿ በዞረች ቁጥር ቆዳዋን ይልጣታል። ባሏ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ በኩራት ስለሚያወራለት አንድም ቀን አላማረረችም።

ሌላዋ ሴት ሜቲ ነበረች፤ የቡልቡላ ልጅ፣ አንድ እግሯን ያጣች፣ ለውድድር የምትዘጋጅ ሯጭ። አንድ ቀን ኤቢሴ ከሥራ ስትመለስ ጓሮ ካለው ወርክሾፕ ድምፅ ሰማች። ጀቤሳ ሜቲ ፊት ተንበርክኮ ለሙከራ የሠራውን እግር ያስርላታል።

"እዚህ ይነካሻል? እዚህስ? ስትረግጪ ወዴት ይገፋሻል?"

ኮምፒውተሩ ላይ እግሩ የሚሠራባቸው የካርቦን ክሮች አቅጣጫ በቀለም ተለይቶ ይታያል። "ክሩ የሰውነትን ጭነት ተከትሎ ካልተኛ እግሩ ወይ ይሰበራል፣ ወይ በከንቱ ይከብዳል" አላት። "አንቺ ወደፊት ስለምትሮጪ አብዛኛውን በቁመቱ አስተኛሁት። ማዕዘኑን ስንቴ እንደቀያየርኩት ብታዪ!"

ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ባሏ ልጅቷን በሌላ ዓይን እንደማያያት ታውቃለች። ያቃጠላት ጥያቄው ነው፤ እሷን እንዲህ ጠይቋት አያውቅም።

ቅዳሜ ሜቲ ያለቀለትን እግር ልትወስድ መጣች። ጀቤሳ አልነበረም።

"አካም ጂርቱ፣ አዴ ኤቢሴ?" ብላ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቀቻት።

"እግሩ ሲፈተን ተሰብሯል" አለች ኤቢሴ ከበሩ ሳትንቀሳቀስ።

"ተሰበረ? ውድድሬስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ሜቲ በክራንቿ ወዳመጣት ባጃጅ ተመለሰች።

ጀቤሳ ቤት እንደገባ ሜቲ እያለቀሰች ደወለችለት። ወርክሾፕ ሄዶ አየ፤ እግሩ ጠረጴዛው ላይ ደህና ተቀምጧል።

"ኤቢሴ፣ ምን ማለት ነው ይሄ?"

"ቀናሁ።"

"በልጅቷ?"

"በእግሯ።" የራሷን እግር ፈትታ የተላጠውን ቆዳዋን አሳየችው።

ጀቤሳ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?"

አጠገቧ ተቀመጠ። "ያኔ እንዳይሰበርብሽ ብቻ ነበር ጭንቀቴ። የፋይበርግላሱን ክር በየአቅጣጫው እኩል ደረደርኩት። ለዚህ ነው የሚከብደው፤ ስትዞሪም እሺ አይልም። ፈርቼ ነው የሠራሁት።"

ኤቢሴ ራሷ ደወለች። "ሜቲ፣ አልተሰበረም። ዋሽቼሽ ነው፤ ይቅር በይኝ።"

ሜቲ "እሺ" ብቻ ብላ ዘጋችው።

ሰኞ መጥታ እግሯን አድርጋ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሜዳ ላይ ሮጠች። ኤቢሴን ቀና ብላ አላየቻትም። ኤቢሴም ያ ጥቁር ቀጭን እግር መሬቱን እየገፋ ሲያስፈነጥራት አይታ፣ ይቅርታ ከጠየቀች በኋላ እንኳ ቅናቷ አልበርድ አላት።

በዚያው ሳምንት ጀቤሳ ኤቢሴ የምታስተምርበት ክፍል ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠና አቋቋሟንና አዟዟሯን በስልኩ ቀረጸ። ተማሪዎቹ ሳቁ። አዲሱን እግር ሲሠራ ክሩን ለመምህር አካሄድ አስተኛው፤ ቀለል አለ፣ ስትዞር አብሯት ትንሽ ይጠመዘዛል። ቆዳዋም ዳነ።

ሜቲ ግን ዛሬም እግሯን ለማሳየት ስትመጣ ግቢው በር ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም። ኤቢሴ ሻይ ታወጣላታለች፤ ሜቲም ቆማ ትጠጣና ብርጭቆውን ለኤቢሴ ሳይሆን ለጀቤሳ ትመልሳለች።