ወንድሜ «አብሾ» ያለው

እኔ የሻረግ እጄ አመድ አፋሽ ነው። ታናሽ ወንድሜን አዝመራውን እናታችን ስትሞት ጡት ሳይጥል ተረክቤ፣ አዝዬው ድንች ኮትኩቼ፣ የራሴን ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል አቋርጬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ይባላል እንጂ የመጀመሪያ ልጄ እሱ ነው። ሁለተኛው ከሆዴ የወጣው ባንተአምላክ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረኝም።

ባንቴ ጎበዝ ነበር። ጥሊሊ አጠገብ ባለችው መንደራችን ሆኖ አሥረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ሲያልፍ፣ አዝመራው እንጅባራ ባጃጅ ይነዳ ነበርና «እታለም፣ መሰናዶውን እንጅባራ ይማር። ከእኔ ጋር ይደር፣ እኔ አለሁለት» አለኝ። ሁለት ሺህ ስምንት መስከረም ላይ ነው። «ልጄን አደራ» ብለው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ማለልኝ። ይኸው ዓይኑ ዛሬም ደኅና ነው፣ ምንም አልሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ ልጄ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። አይተኛም። አንድ ቀን የሦስት ሰው ምግብ ይበላል፣ በማግሥቱ እህል አይቀምስም። ብቻውን ይስቃል። «ሬዲዮኑ ስሜን እየጠራ ነውና ዝጊው» ሲለኝ ጊዜ ደነገጥሁ። ሬዲዮኑ እኮ ስለ በቆሎ ዋጋ ነበር የሚያወራው።

ለአዝመራው ደወልሁ። ነገሩን ስነግረው «አታስቢ እታለም፣ አብሾ ነው» አለኝ።

በእኛ አገር አብሾን የማያውቅ የለም። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱ እንዲገባው፣ የሰማውም እንዳይጠፋው አዋቂዎች ቀምመው ያጠጡታል የሚባል መድኃኒት ነው። የጠጣው ሰው አእምሮው ይፈጥናል፣ እንቅልፉ ያንሳል፣ ቁጣው ቅርብ ይሆናል። ጠላ ወይም አረቄ ከቀመሰበት ደግሞ ይነሣበታል ይባላል። ግልፍተኛ ሰው ስናይ «አብሾ አለበት» የምንለውም ለዚህ ነው፣ እየፈራነውም እያደነቅነውም።

«ለፈተናው ብሎ አንድ አዋቂ አጠጣው» አለኝ አዝመራው። «ይረጋለታል። ብቻ ሐኪም ቤት እንዳትወስጂው። አብሾ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት።»

እናንተ ትስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። አያቶቼ የቆሎ ተማሪ ሲያበሉ የኖሩ ናቸው። የእኔ ልጅ አብሾ የሚችል ራስ አለው ማለት ነው ብዬ ኮራሁ። ባንቴን ከጓሮ ተቀምጦ አገኘሁትና «ሰማሁ እኮ፣ አብሾ ጀምረሃል አሉ» አልሁት።

ክው አለ። «ማን ነገረሽ?»

«አጎትህ ነዋ።»

«አልተቆጣሽም?»

«ለምን እቆጣለሁ? ለትምህርትህ ብለህ አይደለም? በርታ ልጄ። ብቻ በላዩ ጠላ እንዳትቀምስ።»

ትክ ብሎ አየኝና ጉልበቴን ሳመ። እኔ ጅሏ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎት ሲስቅልኝ የዋለ መሰለኝ።

ጥሊሊ ገበያ ድንች ስሸጥ ለሰው ሁሉ አወራሁት። ልጄ አብሾ ጠጥቶ ነው፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል አልሁ። አንዳንዱ ጎረምሳ ፊቱን አዙሮ ሲስቅ አያለሁ፤ የቅናት ሳቅ ይመስለኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ፈተናው ደረሰ። ባንቴ ገና በመጀመሪያው ቀን «ወረቀቱ እኔን እያነበበኝ ነው» ብሎ ከፈተናው ክፍል ወጣ፤ አልተመለሰም። አዝመራው በባጃጁ ጭኖ አመጣልኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀሪካን ፀበል ይዞለት ይመጣል። ሁለቱ ጓሮ ተቀምጠው ይቆያሉ፣ እኔም አጎቱ እያጽናናው ነው እያልሁ ምሳ አቀርብላቸዋለሁ። መርፌውን ፈርቼ ሐኪም ቤት ሳልወስደው ሰባት ወር አለፈ። ልጄ ገላውን መታጠብ ተወ። ጎረቤት ሊገድለኝ ነው እያለ በር ይዘጋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ጥር ላይ ከቤት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የደብራችን መሪጌታ በዛብህ ከዘመድ ለቅሶ ሲመለሱ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆሞ አገኙት። በእግሩ ነው እዚያ ድረስ የሄደው። «ውሃው እየጠራኝ ነው» አላቸው። እጁን ይዘው፣ እያባበሉ በሚኒባስ አመጡልኝ።

እግራቸው ላይ ወድቄ አመሰገንሁና «አብሾው ነው መሪጌታ፣ ተነሥቶበት ነው» አልኋቸው።

«ማን አጠጣው?» አሉኝ።

«አንድ አዋቂ ነው አሉ።»

«አዋቂው ስም የለውም?»

ለካ አንድም ቀን ስሙን ጠይቄ አላውቅም። መሪጌታ የልጁን ጃኬት ተቀብለው አሸተቱት፤ ከኪሱም በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል አወጡና መዳፋቸው ላይ ዘረገፉት።

«የሻረግ፣ አብሾ ይጠጣል እንጂ አይጨስም» አሉኝ። «ይኸ ሐሺሽ ነው። በእኔም የልጅ ልጅ ያስለቀሰኝ ይኸው ነው። ከተማ ያሉ አጫሾች ሰው መካከል ሲያወሩ እንዳይነቃባቸው አብሾ ይሉታል።»

ባንቴን «ማን ሰጠህ?» አልሁት። «ጋሼ አዝመራው ነዋ» አለኝ፣ የማውቀውን እንደ ጠየቅሁት ሁሉ። «መጀመሪያ አብረን ነበር የምናጨሰው። አሁን ከፀበሉ ጋር ያመጣልኛል።»

ከፀበሉ ጋር። ይህን ስሰማ ያቀረብሁለት ምሳ ሁሉ እየተቆጠረ መጣብኝ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።

በማግሥቱ መሪጌታ አብረውን ሄደው ዳንግላ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት አደረስነው። ናርዶስ የምትባል ነርስ ተቀበለችን። ልጅ እግር ናት፤ ግን አትቸኩልም። ከዘር የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንደ ነበረ ጠየቀችኝ። ነበረ፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ልቡ ተሰውሮ ነው የሞተው።

«እናቴ፣ ካናቢስ፣ ሐሺሽ የምንለው ማለት ነው፣ በልጅነት ሲጀመርና ሲዘወተር አእምሮን ሊያናጋ ይችላል» አለችኝ። «በዘር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ካቆመና መድኃኒቱን ከወሰደ የመሻል ተስፋ አለው። መርፌም አይገድለውም።»

ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «ከቤተሰብህ ማን ያውቅ ነበር?» አለችው።

«እናቴ» አለ ልጄ። «በርታ ብላኛለች። ጠላ ብቻ እንዳትቀምስበት ብላኝ አልቀመስሁም።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ናርዶስ አየችኝ፣ መሪጌታም አዩኝ። «አብሾ መስሎኝ ነው» ብል ማን ይሰማኛል? ልጄ ራሱ አልሰማኝም። አብሾ ማለት ለእሱ ያ ቅጠል ነው፤ ስሙን ጠርቼ የፈቀድሁለት እኔ ነኝ።

አሥር ቀን እዚያው ተኝቶ ታከመ። ከናርዶስ እጅ ኪኒን እየዋጠ እንቅልፍ ወሰደው፣ ገላውን ታጠበ፣ ድምፆቹም ራቁ። ቤት ስንመለስ ግን ኪኒኑን ከእኔ እጅ አልቀበልም አለ። «ያኔም በርታ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ አሁንም በርታ ትይኛለሽ። አንቺ የሰጠሽኝን አልውጥም» አለኝ። ማልሁለት፣ አለቀስሁለት፤ ግድግዳ ሆነብኝ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። በአምስተኛው ቀን ሬዲዮኑን እንድዘጋው ጠየቀኝ። ሬዲዮኑ ዝግ ነበር።

ለናርዶስ ደወልሁላት። «ማሰርም ማስገደድም አይሆንም፣ እናቴ» አለችኝ። «እርስዎ እንዳላወቁ ከሚያምነው ሰው መስማት አለበት። ይህ እንዳይዘገይ፤ መድኃኒቱ በተቋረጠ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል። እርስዎም ብቻዎን አይሁኑ። ሐሙስ ሐሙስ እንደ እርስዎ ያሉ ቤተሰቦች እዚህ ይገናኛሉ፣ ይምጡ።» ሄድሁ። እዚያ ባል ያላት፣ ባል የሌላት፣ አባትም ጭምር ተቀምጦ አገኘሁ። አንዷ ልጇን ሁለት ዓመት በሰንሰለት እንዳሰረችው ተናግራ ስታለቅስ አንድም ሰው አልፈረደባትም። ከእነሱ ጋር ሳለቅስ ቀለል አለኝ፤ የልጄ እጅ ግን አሁንም አልተዘረጋልኝም።

ይህን ሊፈታው የሚችል አንድ ሰው አዝመራው ነው፤ በስልክ ምን ብሎ እንዳታለለኝ የሚያውቅ ሌላ የለም። መሪጌታን ላክሁበት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጣ። እንደ አገሩ ደንብ ይቅር እስኪባል የማይወርድ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከግቢዬ ተንበረከከ። መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ። ጎረቤቶቼም ከአጥሩ ማዶ ተሰበሰቡ። ባንቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ያያል።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለ አዝመራው።

«እሺ» አልሁት። «ካሳ አልጠይቅህም። ፖሊስም አልጠራብህም። ለዚህ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ንገረው። ሐሺሹን አብሾ ነው ብዬ እናትህን ያታለልኋት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም ነበር በለው። ይህን በልና ወንድሜ ነህ።»

ከልቤ ነበር ያልሁት። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ይቅር ልለው ተዘጋጅቼ ነበር።

መሪጌታን አየ። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሰው አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «እታለም፣ እኔ የማውቀው አብሾ መሆኑን ነው» አለኝ። «አዋቂ ነው ያጠጣው። ሐሺሽ የሚባል ነገር በዓይኔም አላየሁ። እኔ ያመጣሁለት ፀበል ብቻ ነው። ማርያምን።»

ድንጋዩ ከማጅራቱ ሳይወርድ በማርያም ማለ። አንዴ ሲከዳኝ በስልክ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም። አሁን ግን ዓይኔ እያየ፣ ልጄን በእጄ ሊገድልብኝ። ልጄን አጣሁት አልሁ በልቤ፣ አለቀ።

ባንቴ ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ አጎቱ ፊት መጣ።

«ጋሼ፣ ለእሷ እንዲህ ነበር የምትላት?» አለው።

አዝመራው ድንጋዩን በማጅራቱ አስተካከለ። ባንቴ ወደ እኔ ዞረ። «እማ፣ አብሾ ስትዪኝ የእውነት አብሾ መስሎሽ ነበር? የቆሎ ተማሪ የሚጠጣው?»

«ታዲያ ሌላ ምን አብሾ አውቃለሁ ልጄ?»

ብዙ ቆሞ አየኝ። አጎቱ ምን እንዳመጣለት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። በማርያም ምሎ ሲዋሸኝ በገዛ ዓይኑ አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

«ኪኒኑን አምጭው» አለኝ።

አምጥቼ ሰጠሁት። በውሃ ዋጠው፤ አፉንም ከፍቶ አሳየኝ። ናርዶስ ፊት እንደዚህ ነበር የሚያደርገው።

አዝመራው ከተንበረከከበት ቀና ብሎ «ይኸው ዋጠልሽ እኮ» አለ። «እንግዲህ ይቅር በይኝ፣ እታለም።»

መሪጌታ መልሴን ጠብቀው አዩኝ።

«ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ይሂድ» አልኋቸው።

ተነሥቶ ወጣ። አልጠራሁትም።