የጎራዳው ዕድሜ

ጂኦሎጂስቷ ሪፖርቷን ይዛ የድሮ መምህሯ ሳሎን ገባች። ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራው ወገብ ላይ አፍንጫው የተደፈጠጠ ሰው የሚመስል ገደል አለ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ያንን ድንጋይ «ጎራዳው» ብለው ካርታ ላይ ስም ያወጡለት፣ ዕድሜውንም ሃያ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ብለው የቆረጡለት እኚሁ መምህሯ ናቸው። እሷ ደግሞ ዘንድሮ በገመድ ተንጠልጥላ ከገደሉ ሦስት ቦታ ፈልፍላ ያመጣችው ናሙና ላቦራቶሪ ሲገባ፣ ሦስቱም ሠላሳ አንድ ሚሊዮን አሉ። ሪፖርቱ ነገ ለስም አጽዳቂው ኮሚቴ ይገባል። የድሮው ቁጥር ለምን ተሳሳተ የሚለው መስመር ግን ገና ባዶ ነው። ቢሮ ያሉት ባልደረቦቿ «ዕድሜውን የለካው ማሽን አሮጌ ነበር በይና ተገላገዪ» ብለዋታል። እሷም ልቧ ወደዚያው አድልቷል። እንዴት ብላ ታዋርዳቸው?

«ጋሼ፣» አለች ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ «ጎራዳው በሦስት ሚሊዮን ዓመት አረጀብን።»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ሰሙ። «እሱስ እውነቱን ተናገረ። ይሄ ባሌ ነው እንጂ ስልሳ ላይ ከቆመ ስንት ዓመቱ።»

መምህሩ አልሳቁም። ወረቀቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ።

«ያኔ ማሽኑ አሮጌ ስለነበር ይሆናላ» አለች ቶሎ ብላ።

«ማሽኑን ተዪው። ገደሉ ላይ ወጥተሻል?»

«በገመድ።»

«እኔ አልወጣሁም። ከፍታ እፈራለሁ። እታች ወድቆ ያገኘሁትን ቋጥኝ ሰብሬ፣ ከገደሉ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከላይ ካለው፣ በዕድሜ ከሚያንሰው ድንጋይ ተንከባሎ የመጣ ነው የሚሆነው።»

«ከወደቀ ድንጋይ ናሙና ያመጣ ተማሪ ኤፍ ነው የሚሸለመው» እያሉ ያስተማሯት እኚሁ ሰውዬ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማንም አያውቅም። ማሽኑ ቢባልስ ማን ይጎዳል?»

«ማሽኑን የሚያሠራው ጓደኛዬ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። የሰጠሁትን ድንጋይ በትክክል ነው የለካው። በሱ አይሳበብም።»

«ኮሚቴው ያወጡለትን ስምም ቢሰርዘውስ?»

«ይሰርዘው። ጎራዳነቱ እንደሆነ አይለቀው።»

እስክሪብቶ ጠየቁና ባዶው መስመር ላይ ራሳቸው ጻፉ፦ «የመጀመሪያው ናሙና ከወደቀ ቋጥኝ የተወሰደ ነው። የወሰድኩት እኔ ነኝ።» ፈረሙበት። ወረቀቱን ሲመልሱላት ግን ጫፉን ይዘው ቆዩ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ ላይ ሲወጡ ምን አለ?»

«ንፋስ» አለች። «ደግሞ የርግብ ኩስ፣ ጋሼ። ብዙ የርግብ ኩስ።»