ድንጋዮቹን የነቀልን ሰሞን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የዘንድሮው ጉድ በዘፈን መጣ።

ፀሐይቱ እባላለሁ። ከቂሊንጦ ፋብሪካዎች ጀርባ፣ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቁልቁል በሚያየን ጥቁር አፈር ላይ አምስት ቤተሰብ ሆነን እናርሳለን። ድሮ አካባቢው ሁሉ ገበሬ ነበር፤ አሁን የቀረነው እኛ ነን። ይህ ማሳ ከእጃችን ከወጣ እኔና ባሌ ጂራታ ሌላ የምናውቀው ሥራ የለንም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?

ነሐሴ ላይ ሊዲያ የምትባል ልጅ መጣች። ቆንጆ፣ ትሑት፣ በነጭ ጫማ ጭቃችን ላይ የቆመች። «እማማ፣ ከተማው ዳር ለቀሩ ገበሬዎች ገቢ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት እያዘጋጀን ነው። ለምን እዚሁ ማሳችሁ ላይ አይሆንም ብለን ነው የመጣነው» አለችኝ። ገቢው ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለውሃ ፓምፕ ይውላል አለች። ጂራታ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቶ በአምስታችን ስም ንግግር ያደርጋል። ይህን ሲሰማ ባሌ አለቀለት።

የጠየቀችን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ዘንድሮ ሽምብራ እንዳንዘራ፤ ሰው የሚቆምበት ቦታ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በማሳዎቻችን መሀል ያሉትን የድንበር ድንጋዮች እንድናነሳ፤ እንግዳ እንዳያደናቅፉ።

«ድንበር ይነቀላል እንዴ?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ለሰርግ አጥር አፍርሰን ዳስ አንጥልም?» አለ ጂራታ። «የወንድሜ ልጅ ስትዳር የሦስት ቤት አጥር አላፈረስንም? ዳሱ በተነሳ ማግስት መልሰን አጠርነው። ይኼም ድግስ ነው፤ ያውም ለኛ የተደገሰ!»

እውነቱን ነው፤ ወጋችን እንዲህ ነው። ለድግስ አጥሩን የከለከለ ጎረቤት እስከ ልጅ ልጁ ይታማል። ወንዶቹ በደቦ ወጥተው እየዘፈኑ ድንጋዮቹን በአንድ ቀን ነቀሏቸው፤ የኮንሰርቱ መኪና ጭኖ ወሰዳቸው። እምቢ ያሉት አባባ ሰቦቃ ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው የጂራታ አጎት። ድንጋያቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«አባባ፣ እስቲ ይነሱ። አንቱ ብቻ ቀሩ እኮ» አላቸው ጂራታ።

«ሰርግ ነው ካላችሁ» አሉ፣ «ሙሽራው ማን ነው?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ጥርሴ ይርገፍና!

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ፌኔት ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ኮንሰርቱ ለሚውልባት እሁድ ብላ ሽፍቷን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያየረች። ሳሪስ አቦ ሚኒባስ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፎቶ አንስታ «እማዬ፣ የኛ ማሳ እኮ ነው!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰችው። ጂራታ ኮቱን ላውንደሪ ሰጠ። ጠዋት ጠዋት በሬዎቹ ፊት ቆሞ «የተከበራችሁ እንግዶቻችን» እያለ ይለማመዳል። «በሬዎቹ እንኳ ሰለቻቸው» እለው ነበር። እኔም ሹሩባ ተሠራሁ።

ከመስቀል በኋላ ግሬደር ገባ። ማሳውን ላጨው፤ ውሃ የምናፋስስባቸው ቦዮች ሳይቀሩ ተደፈኑ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ይተክል ጀመር። መድረኩ መሀል ላይ ነው፤ ችካሉ ግን እስከ ወንዙ ይሄዳል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የድንኳን ገመድ ማሰሪያ ነው፣ እናቴ።»

«የምን ድንኳን ነው ወንዝ ድረስ የሚሄደው?»

ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዞረ። ማንም ሲደውልለት አልሰማሁም።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ፋይል የያዙ፣ የመሬት ቢሮ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች መጡ። ከኮንሰርቱ ሰዎች ማንንም ሰላም አላሉም። አንደኛው «ጦም ነው ያደረው?» ሲለው ሌላው በጫማው አፈሩን ጫር ጫር አደረገና «ጦም ነው። ወሰንም የለው» ብሎ ጻፈ። ጦም ያደረ መሬት እንደሚወሰድ ማን ያጣዋል? የኛ ማሳ፣ አማቼ ከሞቱበት ዓመት በቀር ሳይዘራ ያላለፈ መሬት፣ ጦም ያደረ ተብሎ ተጻፈ!

እየሮጥኩ ሄጄ ለጂራታ ነገርኩት።

«ሴትዮ፣ እንግዳ ታስቀይሚያለሽ» አለኝ። «እሁድ ይለፍ፤ ሰኞ ድንጋዩን እንመልሳለን።»

«ድንጋዩ የት አለና?»

«እነሱ ጋ ነዋ!»

ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ነቀዘ እንጂ፣ እንዴት አይነቅዝ!

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ማሳው ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። ጂራታ ማይክራፎን ሊያስሞክሩት ጠርተውት በማለዳ ሄዷል። ቢያንስ ጥጉን ልዝራ፤ የተዘራ መሬት ጦም ነው አይሉም ብዬ የሽምብራ ዘሬን በቁና፣ ዶማዬን በትከሻዬ አድርጌ ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የልጄ እኩያ ነው።

«ባጅ አለዎት፣ እናቴ?»

«የምን ባጅ?»

«ያለ ባጅ አይገባም። ነገ በትኬት ይምጡ።»

«ለራሴ መሬት ትኬት? አብደሃል እንዴ አንተ ልጅ? መሬቴ ነው!»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቆርቆሮውን ገፋ አድርጎ ውስጡን አሳየኝ። «እሺ እናቴ፣ የትኛው ነው የእርስዎ? ከየት እስከ የት እንደሆነ ያሳዩኝና ላስገባዎት።»

እጄን አነሳሁ። ከፊቴ ያለው እንደ ተለቀለቀ አውድማ ልሙጥ ነው። የጎረቤቶቻችን የነ ወርቅነሽ የቱ ጋ ያበቃል፣ የኛ የቱ ጋ ይጀምራል? ሠላሳ ስድስት ዓመት ያረምኩበት መሬት ጠፋኝ። ድንጋዮቻችንን ፈለግኋቸው፤ ከመድረኩ ሥር ለመሠረት ተደርድረዋል፣ ሲሚንቶ ፈሶባቸዋል። ከሁሉ ወዲያ አንድ ድንጋይ ብቻ በቦታው አለ። ቆርቆሮው እሱ ጋ ሲደርስ ታጥፎ የአባባ ሰቦቃን ማሳ በውጭ ትቶት አልፏል። ሽማግሌው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በሬዎቻቸው ተጠምደዋል።

በዚህ መሀል የድምፅ ማጉያው ጮኸ። ጂራታ ነው፣ ኮቱን ለብሶ፣ በነቀልናቸው ድንጋዮች ላይ በተሠራው መድረክ ቆሞ።

«የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ማሳችን በደህና መጣችሁ!»

«የቱ ጋ ነው፣ እናቴ?» አለኝ ጥበቃው እንደገና።

እጄን አወረድኩ።