ነጭ ሰረዝ ያለው ጫማ

"ቤት ለእምቦሳ!" የሚለውን ድምፅ ሲሰማ አስናቀው እግሮቹን ሰብስቦ ከአግዳሚው ስር ወሸቃቸው።

"እምቦሳ እሰሩ! ግቡ አያ ይሄነው፣ ግቡ!" አሉ አባቱ ቄስ ወልደሩፋኤል።

እንግዳው ከገጠር በጭነት መኪና ተንገላተው መካነ ሰላም የደረሱ ሽማግሌ ናቸው። ከኮሮና በሽታ ላወጣቸው ታቦት የተሳሉትን ጥላ ለቄሱ ሊያስረክቡ ነው የመጡት። አስናቀው ገና በድምፃቸው አወቃቸው። እሳቸው ግን አላወቁትም፤ ያኔ ፊቱ ተሸፍኖ ነበር።

ያኔ ደሴ የሚማርበት ኮሌጅ የነርስ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ወደ ለይቶ ማቆያ ላካቸው። ዘመድ ያለው መዝገብ ቤት ተቀመጠ፤ የቄስ ልጅ በሽተኞቹ ደጃፍ ላይ ቆመ። በቴሌቪዥን "ጀግኖቻችን" እየተባለ በተጨበጨበለት ሳምንት አከራዩ ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ጣለበት። አገሩ ሲገባም አብረውት ያደጉት ልጆች "ኮሮናው መጣ" ብለው መንገድ ቀየሩ። ይህን አንድ በአንድ ይዞታል፤ አይረሳም። ወደ አካውንቲንግ እንዲያዛውሩት የጻፈው ማመልከቻ ቦርሳው ውስጥ አለ፤ ለአባቱ ግን አልነገረም። ለምን ቢሉት የሰውን ክፋት ይቆጥር ነበር። የራሱን አይደለም።

"ይኸው ልጃችን ነርስ ሊሆን አንድ ዓመት ቀረው፤ ነገ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል" አለች እናቱ አመለወርቅ። "በዚያ በክፉ ቀን እሱም ማቆያ ነበር።"

"እሰይ! እኔንስ ያቆዩኝ እነሱ አይደሉ? ግን የማን ልጅ እንደሆኑ በምን ልወቅ? እንደሚያበራይ በሬ አፋቸውን ተሸብበው!"

ቤቱ ሳቀ። አስናቀው እግሮቹን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሳበ።

"ለመሆኑ በምን ዳኑ?" አሉ ቄሱ።

"በምኑ ልበል አባ? ጎረቤቴ አሚራ ዱዓ አደረገች፣ ካህናቱ ጸለዩልኝ፣ እነሱ ደግሞ መርፌውን ወጉኝ። እንግዲህ ሦስታችሁ ተካፈሉት።" ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ። "አንዱ ግን አሳዘነኝ። አልጋ ሞልቶ መሬት ላይ ተኝቻለሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ውሃ ብለው፣ ኩባያውን በሩ ላይ አስቀመጠና በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። ግማሹ ፈሰሰ። በእግሩ! እኔ ውሻዬን እንኳ ጎንበስ ብዬ ነው የማበላት።"

"አሳዳጊ የበደለው!" ቄስ ወልደሩፋኤል ጉልበታቸውን መቱ። "እንዲህ ያለውን የወለደ አባት በምን ዓይኑ ከሰው ፊት ይቀመጣል?"

አስናቀው አንገቱን ደፋ። አባቱ የሰደቡት ማንን እንደሆነ ከዚያ ቤት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

"ተዉ አባ፣ አይርገሙት። ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው። እኔስ መች ሳልፈራ ቀረሁ? ፊቱንም አላየሁ። መሬት ለተኛ ሰው የሚታየው እግር ነው። ሸራ ጫማ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ሰረዝ። አሁን በሕልሜ የሚመጣብኝ በሽታው አይደለም፤ ያ ጫማ ነው።"

አስናቀው ሌላ ጫማ ቢኖረው በዚያው ቀን ባቃጠለው ነበር። የለውም። ስንት ወር ሙሉ በበረኪና ሲፈትገው ጥቁሩ ገረጣ፤ ነጩ ሰረዝ ይባስ ነጣ።

"አንተ ልጅ፣ ተጎልተህ ትሰማለህ? ለአያ ይሄነው ውሃ አምጣላቸው እንጂ!" አለች እናቱ።

ጀሪካኑ ወዲያኛው ጥግ ነው። እዚያ ለመድረስ በሽማግሌው ፊት ማለፍ አለበት።

ከአግዳሚው ስር የቀኝ ተረከዙን ከጫማው አወጣ። በገዛ ቤቱ በባዶ እግሩ ቢሄድ ማን ምን ይለዋል? ውሃውን ይሰጣል፣ ሽማግሌው መርቀውት ይሄዳሉ፣ ነገ ደሴ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መዝገብ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ማንም መሬት ላይ ተኝቶ ውሃ አይለምነውም። ግራውንም ሊያወጣ ነበር። አባቱ ግን "ባለጌ!" እያሉ ገና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ተረከዙን መልሶ ከተተ። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን አጠበቀና ተነሣ።

ኩባያውን ሞልቶ በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ ሽማግሌው ፊት በርከክ አለ። አያ ይሄነው እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው ግን ኩባያውን አልፎ ወረደ፣ እዚያው ቆየ። ቄስ ወልደሩፋኤል የሽማግሌውን ዓይን ተከትለው አዩ። ጋቢያቸውን ቀስ አድርገው እስከ አፋቸው ሳቡ።

"እኔ ነኝ፣ አያ" አለ አስናቀው።

ሽማግሌው ኩባያውን ተቀበሉ። ጠጡ። ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡና ባዶውን ኩባያ ለእናቱ ሳይሆን ለእሱ ዘረጉለት።

"ነገ የምትሄደው ወደዚያው ትምህርት ነው?"

አስናቀው አፋቸው የነካውን ኩባያ ያለ ጓንት በባዶ እጁ ተቀበለ። ዓይኑ ቦርሳው ላይ አረፈና ተመለሰ።

"ወደዚያው ነው።"

"እንግዲያው ድገመኝ" አሉ አያ ይሄነው። "የዚያን ቀኑ ግማሽ ይቀረኛል።"