ውሃ ያልነካው ጾሜ

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘ ጊዜ የወንድ ልጅ መንገዱ ሁለት ነበር ይላሉ፤ ወይ ጠብመንጃ ይዞ ጉና መውጣት፣ ወይ አንገት ደፍቶ መቀመጥ። እኔ አስረስ ሦስተኛ አገኘሁ። «የጉና ብርድ ለጉሮሮዬ አይስማማም» አልኩ። የዜማ ሰው ነኝና ማንም አልተከራከረኝም። ያገሬ ሰው ጨዋ ነው፤ ፈሪ መሆኔን እያወቀ ስለ ጉሮሮዬ አብሮኝ አዘነ።

ጉሮሮዬስ በእርግጥ የሚሳሳለት ነበር። የደብራችን ግራ ጌታ፣ በማኅሌት ጊዜ የግራውን ረድፍ የሚመሩት ሰውዬ፣ በክረምቱ አርፈው ቦታቸው ባዶ ሆኗል። ዜማ ያስተማሩኝ መሪጌታ ገብረየሱስ ለቦታው ሁለት ሰው አሰቡ፤ እኔንና ተክሌን። ተክሌ ትጉህ ነው፤ ድምፁን ግን እግዜር ሲሰጠው ቸኩሎ ነበር። «በደብረ ዘይት እሑድ ሁለታችሁም ትመራላችሁ፤ የተሻለው ይሾማል» አሉን። ባለቤቴ ትርንጎ ገና ከወዲሁ ውሃ ስትቀዳ ቅድሚያ ይሰጠኝ ማለት ጀመረች። እኔም አልከለከልኳትም።

እስከዚያው ግን መብላት አለ። ጦርነቱ የዜማ ቤቱን በትኖታል፤ እርሻውን እንደሆነ እኔም አላውቀው፣ እሱም አያውቀኝ። ጣሊያን ከገሳይ ወዲህ ለመኪና መንገድ ገደል ያስፈልጥ ነበርና እዚያ ገባሁ። ሥራው እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ መኪና እያጓራ አየር ይነፋል፣ አየሩ በጎማ ቱቦ መጥቶ የብረት መሰርሰሪያ ይመታል፣ መሰርሰሪያው ዓለቱን ይበሳል፣ በጉድጓዱ ባሩድ ይገባል። አንዱ ሲበሳ ሌላው በጣሳ ጉድጓዱ ላይ ውሃ ያፈሳል። ውሃ ካለ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይወርዳል፤ ከሌለ በሚበሳው ሰው ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ይቦንናል። ጓደኛዬ አደም ይባላል፤ የደብረ ታቦር ሸማኔ ነው፣ ፈትል ጠፍቶበት የመጣ። እየተፈራረቅን እንበሳለን፣ እናፈሳለን።

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ ማለዳ እኔ ስበሳ፣ አደም ሲያፈስ፣ ፍንጣቂዋ መጥታ ከንፈሬ ላይ አረፈች። ክው አልኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ባፌ አይዞርም፤ ያውም ለሹመት በታጨሁበት ጾም።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ስበሳ ውሃ እንዳታፈስ» አልኩት።

«አቧራውስ?»

«አቧራ ጾም አይሽርም።»

አደም ጣሳውን አስቀመጠ። «ስማ ደብተራ፣ እኛ በረመዳን ለሶላት ስንታጠብ አፋችንን እንጉመጠመጣለን። ካልዋጥከው ምን አለበት? እሱም ይቅር ካልክ ጨርቅ አርሰህ ባፍህ ላይ እሰር።»

«ደግሞ ጾም ካንተ ልማር?» አልኩት። በድፍን ደብረ ታቦር ከእኔ በቀር ጾም የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። የኔታ ገብረየሱስን ልጠይቅ ብል ቤታቸው በመንገዴ ላይ ነው፤ ግን የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? አደም ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ወዲያ እሱ ሲበሳ አፈስለታለሁ፤ እኔ ስበሳ እርጥብ ጨርቁን አስሮ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ይቆማል፤ አቧራው እኔ ላይ ብቻ ይቦንናል።

የሥራው አለቃ፣ ካቦ የምንለው ጣሊያን፣ አየኝና «አኳ! አኳ!» እያለ ጮኸ። ውሃ ማለቱ ነው። አደም ቋንቋቸውን ለቃቅሟልና ተረጎመልኝ፤ «አባቱ ባገሩ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። አቧራው ሳንባው ገብቶ በሳል ገደለው ነው የሚልህ።»

አገሬን የወረረ ሰው ለሳንባዬ ሲጨነቅ ደስ አላለኝም። ጉና ያልወጣሁት ሰውዬ አርበኝነቴ እዚያ ላይ መጣብኝ። ካቦው ሲመጣ አፍስስ እላለሁ፤ ጀርባውን ሲሰጥ ተው እላለሁ። ጣሊያንን ያሸነፍኩት በዚህ ብቻ ነው።

ማታ ቤት ስገባ ሽፋሽፍቴ ሳይቀር ነጭ ነው። «ወፍጮ ላይ ነው እንዴ የዋልከው?» አለች ትርንጎ። ቆይቶ ግን ቀልዱን ተወችው። የምተፋው አመድ መሰለ። ተልባ እየወቀጠች ታጠጣኛለች፤ ጧት ተመልሼ ድንጋይ እሞላበታለሁ። «ይህ ሳል አላማረኝም፤ ከሥራው ቅር» ብትለኝ «የጾም ድካም ነው» አልኳት።

የደብረ ዘይት እሑድ ደረሰ። በዐቢይ ጾም ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፤ መጥፎ ድምፅ የሚሸሸግበት ጥግ የለም። ተክሌ መራ፤ እንደ ልማዱ ነው፣ አያስቀይምም፣ አያስመሰግንም። ተራዬ ሲደርስ መቋሚያዬን ተደግፌ፣ ትርንጎ በሴቶቹ በኩል መቆሟን አይቼ፣ አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋ ቃል ወጣች። ሁለተኛይቱን ከፍ ላደርጋት ስል የወጣው ሳል ነው። ደገምኩ፤ ሳል። መቋሚያው ላይ እስክታጠፍ አሳለኝ። ተክሌ ማንም ሳያዘው ካቆምኩበት ተቀብሎ ዘለቀው። ያፈርኩት ስለወደቅኩ ብቻ አይደለም፤ እሱ ስላነሣኝም ነው።

ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ጠሩኝ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ መጨረሻ ላይ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። «ቢሆንም የኔታ፣ ጾሜን አልሻርኩም። አንዲት ጠብታ ከከንፈሬ አላለፈችም።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ጾም የሚሽረው የዋጡት ውሃ ነው፤ የተረጨ ውሃ ይሽራል ያለህ ማነው? ማልደህ ድንጋይ ስትበላ ከርመህ ጾምኩ ትለኛለህ?» ሳቅ ይመጣቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስንት ዓመት ያስተማርኩት ድምፅ» አሉና ሄዱ። ቦታው የተክሌ ሆነ።

ሰኞ ጧት መሰርሰሪያውን ይዤ «አፍስስ» አልኩት አደምን። አፈሰሰ። ቢያላግጥብኝ ይሻለኝ ነበር። ነጩ አቧራ ጭቃ ሆኖ በእግሬ ሥር ወረደ፣ አየሩም ጠራ። አለቀስኩ። ደግነቱ ፊቴ ርሶ ስለነበር አልታወቀብኝም።

ጣሊያን ወጣ፣ ጉና የወጡትም ወረዱ፤ ድምፄ ግን እንደወጣ ቀረ። ዛሬም በየበዓሉ ከግራ ጌታ ተክሌ ኋላ እቆማለሁ። እሱ ሲመራ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ወደ ቤት ስንመለስ ትርንጎ «ዛሬስ ያንተ ድምፅ ተለይቶ ተሰማኝ» ትለኛለች። እኔም «ጉሮሮዬ ለቀቅ ብሎኝ ነበር» እላታለሁ። ከዚያ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ትቆማለች፤ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ታስተካክለዋለች።