ከመቂ የመጣው ሳጥን

ዘርፉ ማሳዋ ዳር ከተደረደረው ባዶ ሳጥን አንዱን ብድግ ስታደርገው ከሥሩ አመድ የመሰለ ነገር ቡን አለ። አንዷን በመዳፏ ያዘቻት። የገብስ ፍሬ የማታህል የእሳት እራት ናት፤ ክንፏ ግራጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። እንግዲህ ልጆቼ፣ የዘርፉን ቲማቲም የፈጀው የዚችው ትል ነው፤ ቅጠሉን ከውስጥ ቦርቡሮ አደረቀው፣ ፍሬውን በመርፌ የተወጋ አስመሰለው።

ከአዳማ ወደ ቆቃ ሲወረድ ባለው አገር፣ ደላላ ቲማቲሙን ገና በአበባው ተዋውሎ ሳጥኑን ማሳው ዳር ይደረድራል። ሳጥን ያረፈበትን ማሳ ሌላ ደላላ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። የዘርፉ ደላላ ዛኪርም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ሳጥኑ የመጣው ግን በዚችው ተባይ ካለቀ የመቂ ማሳ መሆኑን ትንፍሽ አላለም።

ያን ዕለት በአይሱዙው መጣና ደህና ደህናው ፍሬ እንዲለቀምለት አዘዘ። የተረፈውን ባዶ ሳጥን ወደ ጎረቤቷ ወደ ኦቦ ኢተፋ ማሳ ሊያዞረው ነው። የሽማግሌው ቲማቲም ገና ማበቡ ነው። ዘርፉ መዳፏን ዘርግታ አሳየችው።

«እትዬ ዘርፉ፣ ይቺ የሌለችበት የት አለ?» ብሎ ሳቀ። «መቂ አለች፣ ቡልቡላ አለች፣ አርሲ ነገሌ አለች። ባሕር ተሻግራ የመጣችውን እኔ አዝዬ አመጣኋት?»

«እዚህ አልነበረችም» አለችው።

ያኔ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝም ካለች የእሷን ይጭንላታል፤ ካወራች ግን እሱም ሆነ ሌላ ደላላ ዞሮ አያያትም።

ከዚያ ማሳ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ቢሆንም በመስኖው ቦይ ዳር ወረደችና ኦቦ ኢተፋን እጃቸውን ይዛ እየጎተተች አመጣቻቸው። ሳጥኑን በእግሯ ስትመታው ያ አመድ ፊታቸው ላይ ቡን አለ።

«ይህ ሳጥን ማሳዎን እንዳይረግጥ። ከረገጠ እንደኔ ነው የሚሆኑት፤ ይዩኝ።»

ሽማግሌው አንዴ የተቦረቦረውን ቅጠል፣ አንዴ ዛኪርን አዩ። ከዚያ ሄደው ወደ ማሳቸው በሚያስገባው መንገድ መሃል ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ።

ዛኪር ሳጥኑን እያንጓጓ መልሶ ጫነ። መኪናው ላይ ሲወጣ «እርስዎ» ማለቱንም ተወው። «እንግዲህ ቲማቲምሽን ራስሽ ብዪው።»

ኦቦ ኢተፋ ሊያጽናኗት ቢጀምሩ አልሰማቻቸውም። መቀነቷን አጠበቀችና ከዳር ጀምራ ተክሉን ከነሥሩ ትነቅለው ጀመር፤ ትሉ እንዳይዛመት ጉድጓድ ሊገባ ነው፣ የቀላው ፍሬ ሳይቀር። ሽማግሌው ሊያግዟት ጎንበስ አሉ።

«ይተዉ» አለቻቸው ቀና ሳትል። «ሄደው እንቁላል ጥላ እንደሁ የራስዎን ቅጠል ይገልብጡ።»